አምባሩ ሲሰፋ፣ ጀርባው ሲሰነጠቅ፦ ለአንዲት የጎንደር ጠያቂ የተሰጠ የአንጥረኛ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ የምኖረው አዘዞ ነው። ከአያቴ የወረስኩት፣ ከጠገራ ብር የተሠራ ነው የሚባል የእጅ አምባር አለኝ። ወርዱ 12 ሚሊሜትር ነው፤ ጫፍና ጫፉ አይገናኝም፤ ላዩ ላይ ሐረግ ተቀርጾበታል። ስለሚሰፋኝ ባደረግሁት ቁጥር በእጄ ጨምቄ አጠብበዋለሁ፤ ሳወልቀው መልሼ እከፍተዋለሁ። ሰሞኑን ጀርባው ላይ ፀጉር የመሰለ መስመር አየሁ። የእጄ አንጓ ዙሪያው 15 ሴንቲሜትር ተኩል ነው፤ አምባሩን ከውስጥ በኩል ስለካው ብሩ 15፣ ክፍተቱ 4 ሴንቲሜትር ሆነ። ማስጠበብ ይቻላል? እህቴ ደግሞ በጥር ስለምታገባ በዚሁ አምሳያ ጥንድ ላሠራላት አስቤአለሁ፤ ያለችው አዲስ አበባ ስለሆነ ልኳን እንዴት ልውሰድ? እናቴ በአመድና በሎሚ እሺው ትለኛለች፤ ልስማት?»

እህቴ፣ ልኩን በቁጥር ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ፤ አብዛኛው ሰው «ትንሽ ይሰፋኛል» ብሎ ስለሚያልፈው መልሱም ከግምት አያልፍም። ከጥያቄዎችዎ ሁሉ አስቀድሜ የምናገረው ግን ስለዚያ መስመር ነው። አንጥረኛ ዓይቶ እስኪወስን ድረስ አምባሩን አያድርጉት፤ በተለይም ክፍተቱን ለማጥበብም ሆነ ለማስፋት አይንኩት።

ከዚህ በታች «አፍ» የምለው በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለውን ክፍተት፣ «ጀርባ» የምለው ደግሞ ከአፉ ትይዩ ያለውን የአምባሩን መካከል ነው። አፉ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚንቀሳቀሱት ጫፎቹ ቢመስሉም የእጅዎ ጉልበት ተጠራቅሞ የሚያርፈው ጀርባው ላይ ነው። ስለዚህ በጀርባው ላይ በወርዱ አቅጣጫ የወጣ ቀጭን መስመር ተራ ጭረት የመሆን ዕድሉ አነስተኛ ነው። ጥፍርዎን በመስመሩ ላይ ቀስ አድርገው ያሳልፉ፤ ጥፍሩ ከያዘ፣ መስመሩም እስከ ጠርዙ ከደረሰ ወይም ከውስጥ በኩልም ከታየ፣ ስንጥቅ ነው።

ብር በታጠፈ ቁጥር ይጠነክራል። መጠንከሩ መልካም ቢመስልም፣ እየጠነከረ የሄደ ብር በመጨረሻ መታጠፉን ትቶ መሰንጠቅ ይጀምራል። ጉጠት ያጣ ሰው ሽቦን ወዲያና ወዲህ እያጠፈ የሚበጥሰው በዚሁ ምክንያት ነው፤ እርስዎም ሳያውቁት የአያትዎን አምባር ባደረጉትና ባወለቁት ቁጥር እንደዚያ ሽቦ ሲያደርጉት ቆይተዋል። አምባሩ በእርግጥ ከጠገራ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ንጹሕ ብር አይደለም። ጠገራ የምንለው የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ብር ክብደቱ 28.07 ግራም ገደማ ሲሆን ከ1000 እጅ 833ቱ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው፤ ዛሬ ስተርሊንግ እየተባለ የሚሸጠው ግን 925 ነው። መዳቡ የበዛበት ብር ይበልጥ ጠንካራና ቶሎ የሚጠቁር ነው። (በነገራችን ላይ ጠገራው ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላ በየትኛውም ዘመን ቢመታ የሚታተምበት ዓመት እ.ኤ.አ. 1780፣ ማለትም ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው። ስለዚህ «የ1780 ብር ነው የቀለጠው» የሚል የቤተሰብ ወሬ ካለ ስለ አምባሩ ዕድሜ የሚያስረዳው ነገር የለም።)

«ነው የሚባል» ብለው ስለጻፉ፣ ብርነቱን ሳይጎዱ የሚያረጋግጡበትን መንገድም ልንገርዎ። የግራም አሥረኛን የሚያነብ የወርቅ ሚዛን ካገኙ አምባሩን በደረቁ ይመዝኑት። ቀጥሎ ውኃ የያዘ ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጠው ሚዛኑን ወደ ዜሮ ይመልሱ፤ አምባሩን በቀጭን ክር አንጠልጥለው፣ ታችኛውንም ሆነ ጎኑን ሳይነካ ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ ያጥልቁት፤ ሚዛኑ የሚያሳየውን ቁጥር ይመዝግቡ። የደረቁን ክብደት ለዚህ ቁጥር ሲያካፍሉ ውጤቱ ከ10 በላይ ከሆነ ብር ነው ለማለት ያስደፍራል፤ 8 ተኩል አካባቢ ከሆነ ግን ናስ ወይም ብር የሚመስለው የመዳብ፣ የዚንክና የኒኬል ድብልቅ ነው። ይህ የሚሠራው ውስጡ ድፍን ለሆነ አምባር ብቻ ነው። ውስጡ ክፍት ሆኖ የተሠራ አምባር በዚህ አይፈተሽም፤ እንዲህ ያለውን ማጠፍም ጨርሶ አይሞከርም፣ እንደ ቱቦ ይጨራመታልና።

አሁን ወደ ልኩ። የአምባር ልክ ማለት የብሩ የውስጥ ርዝመትና የአፉ ክፍተት ድምር ነው፤ የእርስዎ 15 ሲደመር 4፣ ማለትም 19 ሴንቲሜትር ነው። ለ15 ሴንቲሜትር ተኩል አንጓ፣ ወርዱ 12 ሚሊሜትር ለሆነ አምባር፣ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ነጻነት ጨምሬ 16 ተኩል አደርግ ነበር። አፉን አጥብቤ ወደ 2 ሴንቲሜትር ተኩል ባወርደው እንኳ ድምሩ 17 ተኩል ይሆናል እንጂ 16 ተኩል አይደርስም፤ ከዚያ በታች ካጠበብኩት ደግሞ አንጓዎ አያልፍበትም። አፉን መጭመቅ የብሩን ርዝመት አይቀንሰውም። ስለዚህ እስካሁን የደከሙበት ነገር መፍትሔ ሊሆን አይችልም ነበር ማለት ነው።

የቀረው ከጫፎቹ መቁረጥ ነው። ከየጫፉ 5 ሚሊሜትር ቢቆረጥ ልኩ ይደርሳል፤ ለልሙጥ አምባር ቢሆን ሳላመነታ ሠርቼ እሰጥዎ ነበር። ሐረግ የተቀረጸበትን የአያት አምባር ግን አልቆርጥም፤ ሐረጉ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ጫፍ ከተቆረጠ ሥራው ከመካከል የተቀደደ ጨርቅ ይመስላል፣ የተቆረጠውም አይመለስም። ምናልባት አምባሩ ከመጀመሪያውም ለአንጓ ያልተሠራ ሊሆን ይችላል። ከአንጓው አጥንት አራት ጣት ወደ ላይ ወጥተው የክንድዎን ዙሪያ ይለኩ፤ ከ17 እስከ 18 ሴንቲሜትር ከሆነ አምባሩ የሚያርፍበት ትክክለኛ ቦታ ያ ነው። አፉ ከ4 ወደ 3 ሴንቲሜትር ሲወርድ ድምሩ 18 ስለሚሆን ያለ መቁረጥ ይገጥምዎታል።

ይህን ማስተካከያ የሚሠራው ግን አንጥረኛ ነው፤ ስንጥቁን በሚጠግንበት በዚያው ጊዜ ይሠራዋል። ብሩ ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪመስል፣ ማለትም ወደ 600 እና 650 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ሲሞቅ ጥንካሬው ይለቅቀውና እንደገና ለስላሳ ይሆናል። ይህ ቀለም በፀሐይ ብርሃን ስለማይታይ ሥራው ጥላ ውስጥ ይሠራል፤ ደማቅ ቀይ እስኪሆን የሚጠብቅ ሰው ወደ ማቅለጫው እየተጠጋ ነው። ከዚያ በኋላ ስንጥቁ ይጸዳል፣ በብር ብየዳም ይሞላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቀው ይጠይቁ፦ ስታኞ እንዳይነካው። ሬዲዮ የሚጠገንበት ስታኞ በቀላሉ ስለሚቀልጥ ያጓጓል፤ ነገር ግን ስታኞ የነካው ብር ኋላ ለሌላ ጥገና ሲሞቅ እርሳሱና ቆርቆሮው ወደ ብሩ ገብቶ ይበላዋል፣ ቀዳዳም ያወጣበታል። ቀደም ሲል በስታኞ የተጠገነ ቦታ እንዳለው ካወቁ ሳይደብቁ ለሠራተኛው ይንገሩት፤ ስታኞው ተፍቆ ሳይጸዳ ወደ እሳት መግባት የለበትም። ወጣት ሳለሁ የሠራሁትን አንድ ስሕተት እያሰብኩ ነው ይህን የምጽፈው፤ ከሥር የተደበቀች ግራጫ ነጥብ ሳላይ አንድ ያማረ አልቦ እሳት ላይ አድርጌ በዓይኔ ፊት ተበሳብኝ።

ከተበየደ በኋላ አምባሩ ለስላሳ ስለሚሆን እንዲሁ አይሰጥም። በእንጨት መዶሻ፣ ከውስጥ የክንድዎን ቅርጽ በያዘ እንጨት ላይ ቀስ ተብሎ ይመታል፤ ምቱ የሚያስፈልገውን ጽናት ይመልስለታል። የእጅ አንጓም ሆነ ክንድ ክብ አይደለም፣ ጠፍጠፍ ያለ ሞላላ ነው። ክብ አምባር ቁጥሩ ልክ ሆኖም ከላይና ከታች እየሰፋ፣ ከጎንና ከጎን እየቆረቆረ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው።

ለእህትዎ ልክ ሲወስዱም ይህ ሞላላነት አይዘንጋ። በክር አይለኩ፤ ክር ይለጠጣል፣ ደግሞም ቀጭን ስለሆነ ሥጋ ውስጥ ይሰምጣል። ጠንከር ያለ ወረቀት በ12 ሚሊሜትር ወርድ፣ ማለትም በአምባሩ ወርድ ልክ ተቆርጦ፣ ከአንጓው አጥንት ወደ ክንድ አለፍ ብሎ፣ አምባሩ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ሳይጠብቅና ሳይላላ ይዞርና የተገናኘበት ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት ይደረግበታል። ሁለቱም እጆች ለየብቻ ይለኩ፤ የሚሠራበት እጅ ብዙ ጊዜ በጥቂት ሚሊሜትር ይበልጣል፤ ጥንድ ስለሆነ ሁለቱ በአንድ ልክ መሠራት አለባቸው የሚል ሕግ የለም። ልኬቱ ጧት ብቻ አይወሰድ። የጥር ጧት ብርድ አንጓን ያሳንሰዋል፤ የሠርግ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን በሰው ብዛትና በእስክስታ የሞቀ እጅ ያብጣል፤ ጧት ብቻ የተለካ አምባር በዚያን ሰዓት ሙሽራዋን ያስጨንቃታል። አንድ ጊዜ ጧት፣ አንድ ጊዜ ማታ ከሥራ ስትመለስ ትለካና ትልቁን እንወስዳለን።

ቀጥሎ የአንጓዋን ስፋትና ውፍረት እንፈልጋለን። እጇን መዳፏን ወደ ታች አድርጋ ጠረጴዛ ላይ ታሳርፍ፤ በአንጓዋ ግራና ቀኝ ሁለት ወፍራም መጻሕፍት ቀጥ ብለው ይቁሙና በመካከላቸው ያለው ርቀት በማስመሪያ ይለካ፤ ይህ ስፋቱ ነው። ከዚያ እጇን በጎኑ አቁማ እንዲሁ ትድገመው፤ ይህ ውፍረቱ ነው። ለምሳሌ ዙሪያው 16 ሴንቲሜትር የሆነ አንጓ ስፋቱ 59፣ ውፍረቱ 42 ሚሊሜትር አካባቢ ሊሆን ይችላል። ቁጥሮቹን በስልክ ንገሪኝ ይበሏት፤ ወረቀቱን ፎቶ አንስታ ብቻ ከላከች ግን ፎቶ ያጣምማልና አይመኑት።

በዚሁ 16 ሴንቲሜትር ላይ ስሌቱን ላሳይዎ፤ አንጥረኛው ሲሠራ ቆመው ለማየት ይረዳዎታል። 16 ላይ 1 ሴንቲሜትር ነጻነት ሲጨመር 17 ይሆናል። ወርዱ ከ25 ሚሊሜትር የሚበልጥ አምባር ቢሆን ክንድ ወደ ላይ እየወፈረ ስለሚሄድ ግማሽ ሴንቲሜትር ደግሞ እጨምር ነበር፤ ለ12 ግን አያስፈልግም። ከ17 ላይ ለአፉ 3 ሴንቲሜትር ሲቀነስ የብሩ የውስጥ ርዝመት 14 ይሆናል። የሚቆረጠው ግን 14 አይደለም። ብር ሲታጠፍ ውስጡ ይጨመቃል፣ ውጩ ይለጠጣል፤ ልኩን የሚጠብቀው የውፍረቱ መካከል ነው። ስለዚህ ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር ሲሆን ለመታጠፊያው 5 ሚሊሜትር ያህል ተጨምሮ 14 ተኩል ይቆረጣል። ይህችን 5 ሚሊሜትር የረሳ ሰው አምባሩ ሁልጊዜ ለምን እንደሚጠብበት ሳይገባው ዓመታት ያሳልፋል። ውፍረቱን ወደ 1 ሚሊሜትር ላሳንሰው የሚልዎት ካለ እሺ አይበሉ፤ ክብደቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ ዋጋውም ይረክሳል፣ ነገር ግን እንዲህ የሳሳ አምባር በየዕለቱ ቅርጹን ይለቃል፤ ቅርጹን የለቀቀውን ሁሉ ደግሞ ሰው በእጁ ያጥፈዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን በአያትዎ አምባር አይተውታል።

በዚህ ልክ አንዱ አምባር 35 ግራም ተኩል አካባቢ ይመዝናል፤ ጥንዱ 71 ነው። ከጠገራ ይሠራ ካሉ ሁለት አይበቃም፣ ሦስት ያስፈልጋል፤ የሚተርፈው ከሞረድ ለሚራገፈውና ለጌጡ ይውላል። እውነቱን ለመናገር ግን ጠገራ ባይቀልጥ እመርጣለሁ። ጠገራው ራሱ የሚቀመጥ ነገር ነው፤ 925 ብር ደግሞ ለመቅረጽም ለማጠፍም ይመቻል።

አደራረጉን ለእህትዎ አስቀድመው ያሳዩአት፣ የአምባር ዕድሜ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነውና። አምባር ከአንጓ ላይ ከላይ ወደ ታች ተጭኖ፣ አፉ ተበርግዶ አይገባም። የአንጓ ጠርዝ በአውራ ጣትና በትንሿ ጣት በኩል እንደ እንቁላል ጫፍ ጠበብ ይላል። አንደኛው ጫፍ ከአንጓው አጥንት ሦስት ጣት ያህል ከፍ ብሎ በውስጠኛው የክንድ ሥጋ ላይ ይያዝና አምባሩ በጠርዙ በኩል እየተሽከረከረ፣ አፉ ሳይከፈት፣ ሁለተኛው ጫፍ ወደ ማዶ ይሻገራል። ከዚያ ዞሮ ወደ ቦታው ይመጣል። ሲወልቅም በመጣበት መንገድ ይመለሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞከር ትንሽ ይቆነጥጣል፤ ከሳምንት በኋላ እጁ ራሱ ይለምደዋል። ገጥሞ እንደሆነ ለማወቅ እጅን ወደ ታች ዘርግቶ ሁለት ሦስት ጊዜ ማወናጨፍ ነው፤ አምባሩ የአውራ ጣትን ሥር አልፎ ከወረደ ሰፍቷል። ጥር 11 ጧት በፋሲል ጥምቀተ ባሕር ውኃው ውስጥ ዘለው የሚገቡትም ይህን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል፤ ቀዝቃዛ ውኃ እጅን ያኮማትራል፣ ያንሸራትታልም፤ እዚያ የወደቀ አምባር ፈልጉልኝ ቢሉ ማን ይሰማል?

ስለ ማጽዳቱ፣ እናትዎን አልቃወምም፣ አልስማማምም። አመድ ቆሻሻንና ቅባትን ያነሳል፤ ሎሚም ከመዳቡ የመጣውን ጥቁረት ይቀንሳል። ነገር ግን በአመዱ ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ የሐረጉን ጠርዝ በየጊዜው ይሞርደዋል፤ ሎሚው ደግሞ ብር የሚጠቁርበትን ዋና ነገር አይነካም። ብር የሚጠቁረው ድኝ ስለሚነካው ነው፤ ድኙ ከአየሩ ይመጣል፣ ከሽንኩርትና ከእንቁላል ይመጣል፣ ከጎማ ላስቲክም ይመጣል። ለዘወትር ለብ ያለ ውኃ፣ ጥቂት የእጅ ሳሙናና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል፤ ታጥቦ ሲያበቃ ግን ወዲያው በጥጥ ጨርቅ መድረቅ አለበት። የጥርስ ሳሙና ይጭራል። በረኪና ደግሞ ብርን ስለሚያበላሽ ልብስ ሲያጥቡ አምባሩን ያውልቁ።

በአሉሚኒየም ፎይል ላይ አስቀምጦ ሙቅ ውኃና ቤኪንግ ሶዳ የማፍሰሱ ዘዴ እውነት ነው፤ ድኙ ከብሩ ላይ ወደ አሉሚኒየሙ ይሸሻል፣ የበሰበሰ እንቁላል የመሰለ ሽታ የሚሰማውም ለዚህ ነው። ለልሙጥ ብር ለጥቂት ደቂቃ ቢያደርጉት አይከፋም። ለአያትዎ አምባር ግን አያድርጉት። በሐረጉ ጉድጓድ ውስጥ የተኛው ጥቁር ቆሻሻ አይደለም፤ ሐረጉን ከሩቅ የሚያሳየው እሱ ነው። እሱ ሲወጣ አምባሩ ትናንት ከገበያ የተገዛ ይመስላል። ላይ ላዩ በደረቅ ጥጥ ጨርቅ ሲወለወል ያበራል፤ ጉድጓዱ እንደጠቆረ ይቆይ።

ሳይደረግ ሲቀመጥ ለየብቻ በጥጥ ጨርቅ ተጠቅልሎ አፉ በሚዘጋ ፌስታል ውስጥ ይግባ፤ ቁራጭ ጠመኔ ቢጨመርበት እርጥበቱን ይስባል። በጎማ ላስቲክ አይታሰር፣ በሱፍ ጨርቅም አይጠቅለል፤ ሁለቱም ድኝ አለባቸው።

ሠርጉ በጥር ከሆነ ሥራው ከኅዳር አጋማሽ በፊት ቢጀመር ጥሩ ነው። ለአንጥረኛው ወደ ብሩ ከመሄዱ በፊት ከመዳብ ቁራጭ በዚያው ወርድና በዚያው ልክ ለሁለቱም እጆች ሙከራ እንዲሠራ፣ በውስጡም «ግ» እና «ቀ» ብሎ እንዲጽፍበት ይንገሩት። ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው ይላኩላትና ከጧት እስከ ማታ አድርጋው ትዋል፤ የጠበቃትን ወይም የላላትን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጋ ትመልሰው። የመዳቡ ዋጋ ከብሩ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፣ ብሩ የሚቆረጠው ግን ያ ሙከራ ተመልሶ ከመጣ በኋላ ነው።